ሰሊሃ የላከችው በሶ

ይርጋለም አባቷን ኬንያ ድረስ የላከቻቸው በጥቅል ጉዞ ነው። ጥቅል ማለት አውሮፕላኑም፣ አልጋውም፣ ምግቡም፣ መኪናውም፣ አንበሳ የሚያሳየው አስጎብኚም አንድ ላይ ተጠቃሎ የሚሸጥበት ማለት ነው፤ ከፋዩ ይከፍልና እጁን ይሰበስባል። ይርጋለም የወደደችውም ይህንኑ እጅ መሰብሰቡን ነበር። ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም ቢሆን በደንብ አልነገረቻትም። ለሰው የምትለው ሌላ ነው። «አባዬ እኮ አርጅቷል፣ በዚህ ዕድሜው መንገድ ለመንገድ ይንገላታ እንዴ?» ትላለች። ሰሚው ሁሉ ይመርቃታል። እሷም ዓይኗን ሳታሽ አሜን ትላለች።

አባቷ መምህር ተክለጊዮርጊስ አንኮበር ላይ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ነው ያረጁት። ጉሙ ሲገለጥ ቆላው በሙሉ እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ከእግር ሥር የሚታይበት አገር ስለሆነ፣ ካርታ ሲጠፋ ተማሪዎቻቸውን አፋፉ ላይ አሰልፈው በዱላ እያመለከቱ ያስተምሩ ነበር። «ስምጥ ሸለቆ ማለት ይኸውላችሁ። ይህንኑ ይዛችሁ ወደ ደቡብ ብትወርዱ፣ ብትወርዱ፣ ኬንያ ትገባላችሁ። እዚያ ማራ የሚባል ወንዝ አለ» ይሉና፣ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለወጣል። ዊልደቢስት የሚባል፣ ላም ይሁን ፈረስ ያልለየለት ባለጢም አውሬ በየዓመቱ ሣር ፍለጋ በመንጋ ሆኖ ያን ወንዝ ይሻገራል። አዞ ውኃው ውስጥ ይጠብቀዋል። ቀድሞ የሚገባ ይጠፋል፤ ሁሉም ዳር ላይ ቆሞ ይገፋፋል። በመጨረሻ አንዱ ዘሎ ሲገባ የቀረውን የሚያቆመው የለም። መምህሩ እዚህ ላይ ሲደርሱ በሁለት እጃቸው ጠረጴዛውን እየደበደቡ የኮቴውን ድምፅ ያሰማሉ። ከእሳቸው የተማረ ሁሉ ሌላውን ረስቶ ይህችን ያስታውሳል።

እሳቸው ግን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ይህ ነገር ከጡረታ በኋላ ይባስ ይቆረቁራቸው ጀመር። «ፈረንጅ ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ባሕር አቋርጦ አንኮበር ይመጣል» ይሉ ነበር። «ጭላዳ ለኔ የገብስ ሌባ ነው። እነሱ የኔን ሌባ ለማየት ከመጡ እኔ የሰው አገር ከብት ለማየት ብሄድ ምን ነውር አለው?»

ይህን ሐሳብ የሚያውቁላቸው የልብ ወዳጃቸው ጋሽ አሊ ናቸው። ጋሽ አሊ ከአንኮበር ቁልቁል ባለችው አልዩ አምባ የኖሩ ነጋዴ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ሁሉ ያስተማሩት መምህሩ ናቸው። አብረን እንሄዳለን ከተባባሉ ቆይተዋል። የጋሽ አሊ የወንድም ልጅ ታጁ ናይሮቢ ውስጥ ሱቅ አለው። ነገሩን ሁሉ በራሳቸው መንገድ ሊያደርጉት ነው ያሰቡት፤ ታጁ መኪና ከነሾፌሩ ይከራያል፣ ማደሪያ ይፈልጋል፣ ደስ ያላቸው ቦታ እስኪጠግቡ ይቆያሉ። ይርጋለም ደግሞ አብራ ሄዳ ስልኩንና እንግሊዝኛውን ትይዛለች። «እኛ አውሬውን እናያለን፣ አንቺ እኛን ታያለሽ» ብለዋታል ጋሽ አሊ። ጊዜውንም የቆረጡት እሳቸው ነበሩ። «ፍልሰታ ይፈታ፣ መስቀልም ይለፍ። አውሬው እስከ ጥቅምት አይጠፋም ብሎኛል ታጁ።»

እውነቱን ለመናገር ይህ መንገድ ምንም አልጎደለውም። የጎደለው የይርጋለም ፈቃደኝነት ነው። መኪና ውስጥ በሁለት ሽማግሌዎች መካከል ተቀምጣ፣ ድንጋይ ባለፉ ቁጥር ስለ ድንጋዩ ትምህርት ሲሰጣት ታያት። አመሻሽ ላይ ደግሞ አባቷ «እናትሽ ብትኖር ኖሮ» ብለው የሚጀምሩት ነገር አለ፤ መጨረሻው ሁልጊዜ «ምነው እስካሁን ብቻሽን ሆንሽ?» ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷ ቤት ከምሳ ያለፈ ቆይታ አታውቅም። ትወዳቸዋለች፤ ግን ከሩቅ ስትወዳቸው ይቀላታል።

ስለዚህ «ፈቃድ ከለከሉኝ» አለቻቸው። ውሸት ነው። የምትሠራው ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ፣ ወደ ውጭ የሚላከው ዕቃ ክፍል ነው። አለቃዋ ይትባረክ «ኧረ ውጪ፣ ፈቃድሽ ተጠራቅሞ ሊቃጠል ነው» እያለ ይጨቀጭቃት ነበር። እሷ ግን የከለከላት እሱ እንደሆነ አድርጋ ለአባቷ ነገረች፤ በዚያውም ስልኳ ላይ ያየችውን የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ጥቅል አሳየቻቸው። «ሁሉም ነገር ተካቷል አባዬ። አንተ መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብህ።» ለጋሽ አሊም ደወለችላቸው። በጥቅሉ የሚሄደው ቡድን ውስጥ የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ብቻ መሆኑን ነገረቻቸው፤ ይህኛው እንኳ እውነት ነበር። ጋሽ አሊ «ደግ አደረግሽ ልጄ። አላህ ይጨምርልሽ፤ የኔም ጉልበት እንደ ድሮው አይደለም» አሉ። ከዚያ በፊት ስለ ጉልበታቸው ሲያማርሩ ሰምታ አታውቅም።

ቡድኑ የሚነሳው ኦገስት አጋማሽ ላይ ነው። ይርጋለም ይህን ስትመርጥ ገና ሰኔ ነበር፤ ፋብሪካው ደግሞ ቀኑን ሁሉ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ኦገስት ለእሷ የክረምት ልብስ የሚጫንበት፣ ደንበኛ የሚነጫነጭበት ወር ነው። ኦገስት ውስጥ ፍልሰታ የለም። ፍልሰታ ያለው ነሐሴ ውስጥ ነው። ሁለቱ አንድ ወር መሆናቸውን ከትንሽነቷ ጀምሮ የምታውቀው ሰው፣ ያን ቀን አላወቀችም። መምህሩ ግን ቀኑን እንደሰሙ ጣታቸውን አጠፍ አጠፍ አድርገው ቆጠሩና ዝም አሉ። ዝምታቸውን የደስታ ነው ብላ ተረጎመችው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» አሏት።

ሊሄዱ ዋዜማ ከአንኮበር መጥተው ደብረ ብርሃን እሷ ቤት አረፉ። ቁልፍ ሊቀበሏት ፋብሪካው በር ድረስ ሄደው ነበር፤ እዚያም ይትባረክ አግኝቷቸው ጉልበታቸውን ስሞ ሸኝቷቸዋል። እሱም የድሮ ተማሪያቸው ነው። ከሰዓት በኋላ ጋሽ አሊ ሊሰናበቷቸው ከአልዩ አምባ መጡ። በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘዋል።

«ሰሊሃ ናት የላከችልህ» አሉ ቋጠሮውን ለመምህሩ እያቀበሉ። ሰሊሃ ሚስታቸው ናት። «በሶ ነው። ፍልሰታ ነው፣ መምህር እዚያ ሰው አገር ምን ሊበላ ነው ብላ ጎረቤላ ገበያ ወጥታ ገብስ ገዝታ ነው የቆላችው። ቅቤ ነክቶት በማያውቅ ዕቃ ነው፣ አይጠራጠር በለው ብላኛለች።»

ይርጋለም ጾሙ ትዝ ያላት ይህን ጊዜ ነው። ምድሩ ሁሉ እየጾመ፣ ጎረቤቷ ያለ ሕፃን ሳይቀር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ እየዋለ፣ እሷ ነገሩን ከአባቷ ምሳ ጋር አያይዛው አታውቅም። የጾሙን ነገር ለአስጎብኚው ድርጅት ተናግራ አታውቅም። አንድ ስልክ ብትደውል ይበቃ ነበር፤ ቢሮው ገና አልተዘጋም። ግን ረስቼ ነበር ማለት አለ፤ ቀን ለውጡልኝ ማለት አለ፤ ከዚያም እንደገና የጋሽ አሊ መንገድ ሊነሳ ይችላል። ስልኩን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። «እዚያ የጾም ምግብ ሞልቷል» አለች ጮክ ብላ። «ነጮቹ ውስጥ ሥጋ የማይነኩ አሉ እኮ።» ሁለቱ ሽማግሌዎች አመኗት።

ጠዋት ሻንጣቸውን ራሷ አስተካከለች። ድርጅቱ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ያዙ ብሏል። ሹራቡን አስገባች፣ መድኃኒቱን አስገባች፣ የበሶውን ቋጠሮ አንስታ ትንሽ ያዝ አደረገችው። ቦታ አልጠፋም። የታያት ሌላ ነው፤ አባቷ ከፈረንጆች ጋር ገበታ ቀርበው፣ ብርጭቆ ውስጥ በሶ ሲበጠብጡ፣ ፂማቸው ላይ ዱቄት ሲቀር። እዚያ ሳትኖር አፈረችባቸው። ቋጠሮውን ወጥ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችና ቦርሳውን ዘጋችው።

መምህሩ የተመለሱት ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው ነው። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል። «የመንገድ ነው» አሉና አለፉት። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፣ ጋሽ አሊም መጡ፣ መምህሩም የጉዞውን ወሬ ጀመሩ። ዝሆኑን፣ ቀጭኔውን፣ አንበሳይቱን ቶሎ ቶሎ አለፏቸው። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ተለወጠ። አውሬው ዳር ላይ ቆሞ እንዴት እንደተገፋፋ፣ አንዲት ቀንዷ የተሰበረ እንስት እንዴት ቀድማ እንደዘለለች፣ አቧራው፣ አዞው፤ የይርጋለምን ጠረጴዛ በሁለት እጃቸው እየደበደቡ የኮቴውን ድምፅ አሰሙ። የሰማ ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። ይርጋለም ከበሩ አጠገብ ቆማ ኩራት ተሰማት። አንዲት ጎረቤት ጆሮዋ ላይ «አባትሽን አስደሰትሽ፣ ልጅ እንዲህ ነው» አለቻት።

ያን ጊዜ ነው ጋሽ አሊ የጠየቁት። «በሶውስ በቃህ?»

መምህሩ ወደ ይርጋለም ዞር እንኳ አላሉም። «ተርፎኝ ለሰው አቀመስኩ» አሉ። «ሰሊሃን እግዚአብሔር ይስጥልኝ በልልኝ። አንድ ቀን እንኳ አልራበኝም።»

ቋጠሮው ከኋላቸው፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ሳይፈታ ተቀምጧል። መናገር የነበረባት ያኔ ነው። እኔ ነኝ ያወጣሁት ማለት ምን ይከብዳል? ከበዳት። እንግዳ የምታስተናግድ መስላ ውኃ ልታመጣ ወጥ ቤት ገባችና ቁም ሳጥኑን ሳታይ ተመለሰች። መምህሩም በማግስቱ ወደ አንኮበር ተሳፈሩ። ስለ በሶው አንድ ቃል አላነሱባትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር፤ የተቆጣ ሰው ይለመናል።

በአዲሱ ዓመት መባቻ ላይ፣ ፋብሪካው ምሳ ቤት ተቀምጣ ሳለ የማታውቀው ቁጥር ደወለላት። ቦሰና እባላለሁ አለች ደዋይዋ፤ አዲስ አበባ ነዋሪ ናት፣ ከመምህሩ ጋር በአንድ ቡድን ኬንያ የሄደች። ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ልትልክላቸው ፈልጋ ነው፤ ቁጥሩን ከድርጅቱ ወስዳ።

«መምህር ተሻላቸው?» አለች ቦሰና። «እህል አልቀምስ ብለው አስቸገሩን እኮ። በመጀመሪያው ቀን ቦርሳቸውን ከፍተው ብዙ ፈለጉ። ምን ጠፋብዎት ብላቸው ምንም አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሙዝና ዳቦ ነው። ዳቦውንም ወተት ይኑርበት አይኑርበት እያሉ ያገላብጡታል። ጠይቄ የጾም ላሠራልዎት ብል፣ ሰው አታስቸግሪ አሉኝ። ጠዋት ወጥተን ነው የምንውለው፤ ምሳው በካርቶን የታሸገ ዶሮና እንቁላል ነው። ማታ ስንመለስ ገበታው ሁሉ ቅቤ።»

ይርጋለም ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አውሬዎቹ ያን ወንዝ የተሻገሩበት ቀን ደግሞ ያሳዝናል» አለች ቦሰና። «ልንነሳ ስንል ራሳቸውን አዞራቸውና መኪናው ሥር ቁጭ አሉ። ድንኳናቸው ውስጥ አስተኝተናቸው ሄድን። ልቅርና ልይዎት ብላቸው፣ ‹ሂጂ፣ ለኔም እዪልኝ› አሉኝ። አየነው፣ ጉድ ነው። ስንመለስ በር ላይ ቆመው ጠበቁንና አንድ በአንድ ጠየቁን። ማን ቀድሞ ገባ? እንስት ናት ወንድ? አንዱ ሰውዬ ቀንዷ የተሰበረ እንስት ናት አላቸው። በማግስቱ ተሽሏቸው ነበር፤ እባካችሁ አንድ ቀን እንቆይላቸው ብንል ጥቅል ነው፣ ፕሮግራሙ አይፈቅድም አሉ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ጫኑን።»

ይርጋለም ማመስገኗንም አታስታውስም። ፎቶዎቹ ስልኳ ላይ ገቡ። በአንዱ ላይ ሰዎቹ ሁሉ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዶሮ ይበላሉ፤ አባቷ ዳር ላይ ሙዝ ይዘው ለካሜራው ይስቃሉ። ተማሪ ፊት የሚስቁት ሣቅ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሳያዩት ያስተማሩትን ወንዝ ደጃፉ ደርሰው ሳያዩት ተመለሱ፤ ያስቀረቻቸውም እሷ ናት። አፍራባቸው አስቀረቻቸው። ሰንፋ አስቀረቻቸው። ከዚያም ሌላ ሰው ያየውን ወሬ ለቅመው መጥተው፣ ልጄ ያደረገችልኝ ከንቱ አልሆነም ለማሰኘት ጠረጴዛ ደበደቡላት። የራሷን ጠረጴዛ።

በመጀመሪያው እሑድ በጠዋቱ ሚኒባስ አንኮበር ወጣች። በሶውን ይዛለች። መምህሩ ከቅዳሴ ተመልሰው ከቤታቸው ደጅ፣ ቆላው በሚታይበት በኩል ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ቋጠሮውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጨርቁን አወቁት፤ አየት አድርገው ፊታቸውን ወደ ሜዳው መለሱ።

«አባዬ፣ ወንዙን አሳየኝ» አለች። «ከመስቀል በኋላ እንሂድ። በራሳችን መንገድ፣ ከጋሽ አሊ ጋር። ትናንት ታጁን በስልክ አነጋግሬዋለሁ፣ መኪናው አለ ብሎኛል።»

«እኔማ አየሁት እኮ።»

«እኔ አላየሁትም።»

መምህሩ በመዳፋቸው ጉልበታቸውን አሹ። «ፈቃድ ይሰጡሻል?» አሉ።

ሌላ ውሸት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አሁንማ ፈቅደውልኛል ማለት ይበቃል፤ ያለፈው ተሸፍኖ ይቀራል። ቋጠሮውን ጨበጠችው።

«ያኔም ነበረኝ» አለች። «ማንም አልከለከለኝም አባዬ።»

«አውቃለሁ» አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «ልሄድ ስል ይትባረክ ነገረኝ። ኧረ ፈቃድ ውሰጂ ይበሏት፣ እኛ ለምነን አቃተን አለኝ።»

«ታዲያ አውቀህ ለምን ሄድክ?»

«ላክሽኝ፤ ሄድኩ።»

ይርጋለም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ በበሶው አለቀሰች፣ ባልደወለችው ስልክም፣ አባቷ ቤት ባልቆየችባቸው ከሰዓት በኋላዎች ሁሉም። መምህሩ እንዳላዩ ሆነው ቋጠሮውን ከጉልበቷ ላይ አነሱና ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ሁለት ጣሳ ይዘዋል። በሶውን በጥብጠውታል፣ ጨውም ነስንሰውበታል። አንዱን ለእሷ ሰጥተው ከሌላው ቆመው በረጅሙ ተጎነጩ፤ ፂማቸው ላይ ዱቄት ቀረ።

«ሰሊሃ ባለሙያ ናት» አሉና ተቀመጡ። ጉሙ ከቆላው ላይ መነሳት ጀምሯል። ጣሳውን እጃቸው ውስጥ ሲያዞሩ ቆይተው፣ ወደ እሷ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ስንሄድ ግን ቀኑን ሰሊሃ ትቁረጥልን።»